ከኮርቤቲ እስከ ማርስ፦ የ2012 ዓ.ም. ሰማይና «የእኛ ሳተላይት» ክርክር

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ላይ፣ ሰሜን ቻይና ከሚገኘው የታይዩዋን ማምጠቂያ ጣቢያ ሎንግ ማርች 4ቢ የተባለ ሮኬት ተነሣ። ዋናው ጭነቱ ቻይናና ብራዚል አብረው የሠሩት 1,730 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሳተላይት ነበር። 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝነው ኢቲአርኤስኤስ-1 በተረፈው ቦታ ተጭና ወጣች። ምድርን ከላይ ፎቶ የምታነሣ፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ናት፤ ባለሥልጣናትና እንግዶች እንጦጦ ላይ ተሰብስበው በቀጥታ ተከታተሏት።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የቦይንግ ኩባንያ ስታርላይነር የተሰኘውን መንኮራኩሩን ሰው ሳያሳፍር ከፍሎሪዳ ለሙከራ አመጠቀ። መንኮራኩሩ ሰዓቱን ከተሸካሚው ሮኬት ሲቀዳ በ11 ሰዓት ስለሳተ ነዳጁን ያለ ጊዜው አባክኖ፣ ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሳይደርስ ተመለሰ። ትንሿ ደረሰች፣ ትልቁ ቀረ ብሎ መፎከር ይቻላል። ንጽጽሩ ግን ውኃ አያነሣም፤ የእኛዋን ያደረሳት የሌላ አገር ሮኬት ነው።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የሚነሣው። «ኢትዮጵያ ጠፈር ገባች» ስንል ምን ማለታችን ነው? ባለፉት ዓመታት የተነሡት ክርክሮች ሲመረመሩ ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ የዕቃው ባለቤትነት፣ የምስሉ ባለቤትነት፣ ምስሉን አንብቦ ትርጉም የመስጠት ችሎታ። ሦስቱ አይነጣጠሉም ብሎ የሚያምን ሰው ሐዋሳን ቢመለከት ይጠቀማል። ከተማዋ መውጫ የሌለው ሐይቅ ዳር፣ በጥንታዊ እሳተ ገሞራ የወደቀ ገበቴ ውስጥ ተቀምጣለች። ከጠፈር ስለ እርሷ የታወቀው ነገር ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን የታወቀው በሌሎች ዓይን ነው።

ሰማዩ የእኛ፣ መሣሪያው የሌላ

ታሪኩን ከባሕረ ሐሳብ የሚጀምሩ ጸሐፊዎች አሉ። ባሕረ ሐሳብ የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት አስማምቶ በዓላትንና አጽዋማትን የሚያወጣ ረቂቅ ስሌት ነው። ከዚያ ተነሥቶ እስከ ሳተላይት የሚያደርስ የተያያዘ መንገድ ግን የለም። የሚጨበጠው ታሪክ የሚጀምረው በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት እየተካሄደ ነበር፤ ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ያመጠቀችውም በዚሁ መካከል፣ መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዌን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቋሙ። አዲስ አበባ የተመረጠችው ለመሬት መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ስለሆነች ነው፤ እዚያ መስመር ላይ በከፍተኛው ከባቢ አየር ውስጥ የሚፈስሰውን የኤሌክትሪክ ጅረት ከምድር ሆኖ መለካት ይቻላል።

ቀጥሎ የመጡት የራሳቸውን ጉዳይ ይዘው የመጡ ነበሩ። አሥመራ በነበረው የአሜሪካ ቃኘው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ሁለት ግዙፍ ሳህኖች ተተከሉ፤ የአንዱ ስፋት 26፣ የሌላው 46 ሜትር ገደማ። ሥራቸው ሶቪየቶች ወደ ጨረቃና ወደ ፕላኔቶች የላኳቸው መንኮራኩሮች ወደ ምድር የሚልኩትን መልእክት ማዳመጥ ነበር። ደብረ ዘይት ላይ ደግሞ የስሚዝሶኒያን አስትሮፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ሳተላይቶችን በፎቶግራፍ የሚከታተል ቤከር-ነን የተባለ ካሜራ አቆመ። የፕላኔቶች ጉዞ ታሪክ በዚህች ምድር ላይም አልፏል ማለት ነው፤ የአገሬው ሰው ድርሻ ግን በአብዛኛው ቦታውን መስጠት ነበር።

በተቃራኒው ሰው ወጥቶ የሄደበት ታሪክም አለ። ቦንጋ የተወለዱት ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ በአሜሪካ የጠፈር ኢንዱስትሪ ውስጥ በሳተላይት ሥራ ስማቸው ገነነ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ዐረፉ። ዶክተር ብሩክ ላቀው በናሳ ጎዳርድ ማዕከል የፕላኔት ምርምር መሣሪያዎች ላይ ሠሩ። ሁለቱም ዕውቀት ነበራቸው፤ ዕቃውና ተቋሙ የሌላ አገር ነበር።

በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ሲቋቋም ብዙ ሰው እንደ ቀልድ አይቶት ነበር። ከእርሱ ጥረት ግን 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ተወለደ፤ ባለ 1 ሜትር ስፋት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት፤ ወጪው በአብዛኛው የተሸፈነው በሼህ መሐመድ አል አሙዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 መንግሥት የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋመ፤ ኋላ ከጂኦስፓሻል ኢንፎርሜሽን ኢንስቲትዩት ጋር ተዋህዶ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆኗል። ውህደቱ የስም ለውጥ ብቻ አይደለም። ሰማይ የሚያይና መሬት የሚለካ ሁለት የተለያየ ባህል ያላቸው ሙያተኞች በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ፤ ማን ማንን እንደሚመራ ገና እየታየ ያለ ጉዳይ ነው።

የ2012 ዓመት ምን ይዞ መጣ

ዓመቱ የገባው በሐዘን ዜና ማግሥት ነው። ጳጉሜን 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የህንድ ቪክራም በጨረቃ ደቡብ ዋልታ አቅራቢያ ለማረፍ ሲወርድ ተከሰከሰ። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ተጨናነቁ። ስታርሊንክ በዓመቱ ውስጥ በ11 ማምጠቅ ከ600 በላይ ትንንሽ ሳተላይቶችን በተነ፤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች የሌሊቱ ሰማይ በሰው ሠራሽ ብርሃን ተሸነሸነ ብለው ጮኹ። ግንቦት 22 ቀን የግል ኩባንያ የሠራው ክሩ ድራጎን ሁለት ሰዎችን አሳፍሮ ወጣ። ሰኔ 14 ቀን የቀለበት ግርዶሽ ላሊበላን አቋርጦ አለፈ፤ ሐዋሳ ላይ የታየው ከፊሉ ነው።

ሐምሌ ግን የማርስ ወር ነበር። ምድርና ማርስ ለጉዞ የሚመቻቹት በየ26 ወሩ አንዴ ስለሆነ፣ ያመለጠው ሁለት ዓመት ከዚያም በላይ ይጠብቃል። ሐምሌ 13 የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ሆፕ፣ ሐምሌ 16 የቻይና ቲያንዌን-1፣ ሐምሌ 23 የአሜሪካ ፐርሲቪራንስ ተከታትለው ወጡ። አውሮፓና ሩሲያ ያዘጋጁት ኤክሶማርስ በፓራሹት ችግርና በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ቀረ፤ ቆይቶም የዩክሬን ጦርነት ሽርክናውን አፈረሰው። ፐርሲቪራንስ ማርስ ላይ ያረፈው የካቲት 11 ቀን 2013፣ ለየካቲት 12 መታሰቢያ ዋዜማ፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን 5 ደቂቃ ሲቀረው ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ለሐዋሳ ነዋሪ ከጠፈር የመጣው ትልቁ ለውጥ ምናልባት ጣሪያው ላይ የተደረገው ነው። በዚያ ሰሞን የኢትዮጵያ ቴሌቪዥኖች ኢትዮሳት በሚባለው አገልግሎት ኤንኤስኤስ-12 ወደተባለ ሳተላይት መግባት ጀመሩ፤ ዲሽ አዟሪዎችም ሥራ በዛላቸው። ሳተላይቱ የሉክሰምበርግ ኩባንያ ንብረት ነው፤ የመጠቀውም እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በ2012 «ጠፈር ገባን» ሲባል ስለ እርሱ ያነሣ ሰው ጥቂት ነው። አገልግሎት ማግኘትና ባለቤት መሆን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አይገኝም።

ቅንጦት ነው ወይስ ትምህርት ቤት?

የመጀመሪያው አቋም ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ዳቦ ያልጠገበ አገር ሳተላይት ምን ያደርግለታል? በ2012 ክርክሩ የበለጠ ይቆረቁር ነበር፤ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያን በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ የበረሃ አንበጣ ወርሯት ነበርና። ደጋፊዎቹ የሚመልሱት በዋጋ ነው። ኢቲአርኤስኤስ-1 የፈጀችው 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ 6 ሚሊዮን ያህሉን የሸፈነችው ቻይና ናት። ለማነጻጸር ሆፕ 200 ሚሊዮን፣ ፐርሲቪራንስ ደግሞ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወስደዋል። ይህ መልስ ግማሽ መልስ ነው። ርካሽ መሆን ጠቃሚ መሆን አይደለም፤ በነጻ የተገኘ በግም ቢሆን ሣር ይበላል።

ሁለተኛው አቋም ሳተላይቷን እንደ ትምህርት ቤት ያያታል። ሃያ ገደማ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ከቻይናውያን ጋር በሥራው ተሳትፈዋል፤ የመቆጣጠሪያና የመቀበያ ጣቢያው እንጦጦ ላይ ነው። ለዚህ አቋም ጠንካራው ማስረጃ ከኤምሬቶች የሚመጣ ነው። ዱባይሳት-1 እ.ኤ.አ. በ2009 በደቡብ ኮሪያውያን እጅ ስትሠራ የኤምሬቶቹ መሐንዲሶች በአብዛኛው ተማሪዎች ነበሩ። በ2013 ዱባይሳት-2 መጣች፤ ድርሻቸው አደገ። በ2018 ካሊፋሳትን አገራቸው ውስጥ ሠሩ። በ2020 ደግሞ ወደ ማርስ ሄዱ፤ ያም ቢሆን ከአሜሪካው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሠርተው፣ በጃፓን ሮኬት ተጭነው ነው። ናይጄሪያም ተመሳሳይ መንገድ ሄዳለች፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በእንግሊዝ ኩባንያ ያሠራቻት ናይጄሪያሳት-1 ባፈራቻቸው ልምዶች፣ በ2011 የራሷ መሐንዲሶች ናይጄሪያሳት-ኤክስን ገጣጠሙ።

ከነዚህ ታሪኮች የሚወጣው ቁም ነገር የመጀመሪያዋ ሳተላይት ያን ያህል አለመመዘኗ ነው። የሚመዝነው በመጀመሪያዋና በሁለተኛዋ መካከል ያለው ጊዜ ነው፤ የሠለጠነው ሰው ሥራ ፈትቶ እንዳይበተን። ኢትዮጵያ በዚህ በኩል አልዘገየችም፤ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. 8.9 ኪሎ የምትመዝነው ኢቲ-ስማርት-አርኤስኤስ ከዌንቻንግ በሎንግ ማርች 8 የመጀመሪያ በረራ ወጣች። ፈተናው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኢቲአርኤስኤስ-1 የተሠራችው ለ2 ዓመት አገልግሎት ነበርና፣ መሰላሉ እንዳይሰበር ሦስተኛው ደረጃ ቶሎ መከተል ነበረበት።

ሐይቁ በስንት ነጥብ ይታያል

የምስሉን ጉዳይ በቁጥር ማየት ይሻላል። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋት 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኢቲአርኤስኤስ-1 አንድ ነጥብ ምድር ላይ 13.75 ሜትር በ13.75 ሜትር ይሸፍናል፤ ስለዚህ ሐይቁ ወደ 476,000 ነጥቦች ይከፈላል። የአሜሪካው ላንድሳት ነጥብ 30 ሜትር ነው፤ ሐይቁን በ100,000 ነጥብ ያየዋል። የአውሮፓው ሴንቲኔል-2 ነጥብ ደግሞ 10 ሜትር ነው፤ 900,000 ይሰጣል፤ ያውም በየ5 ቀኑ፣ በነጻ። ላንድሳትም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በነጻ ነው።

ተጠራጣሪዎች ይህን ይዘው «የራሳችን ምስል ለምን አስፈለገ?» ይላሉ። ክርክሩ ስለ ምስል ጥራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያሸንፉ ነበር። ሌላም የሚደግፋቸው ነገር አለ፤ ርዝማኔ። ላንድሳት ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለማቋረጥ ያነሣል። ከሐይቁ በስተምሥራቅ የነበረውን የጨለለቃን ውኃ ወስደን እንይ። በመጀመሪያዎቹ ምስሎች ክፍት ውኃ ሆኖ ይታይ ነበር፤ ኋላ ረግረግ ሆነ። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲና በወንዶ ገነት ኮሌጅ ስለ ተፋሰሱ የመሬት አጠቃቀም የተጻፉ ጥናቶች ላንድሳት ላይ የቆሙት ለዚህ ነው። 2 ዓመት የምትኖር ሳተላይት የ50 ዓመት ታሪክ ልትነግር አትችልም።

ደጋፊዎቹ ግን ስለ ጥራት ሳይሆን ስለ ትእዛዝ ነው የሚያወሩት። የሰው ሳተላይት የሚያነሣው ባለቤቱ በፈለገው መርሐ ግብር ነው፤ ዛሬ በነጻ የተለቀቀው ነገ ቢዘጋ አቤት የሚባልበት ቦታ የለም። ነጥቡ እውነት ነው፤ ሆኖም ፈቃድ ማግኘትና ማየት መቻል ለየቅል መሆናቸውን የ2012 ክረምት ገለጠው።

ክረምት፣ ደመናና ግድቡ

በሐምሌ 2012 መጀመሪያ የዓለም መገናኛ ብዙኃን የታላቁን የኅዳሴ ግድብ ምስሎች አሰራጩ፤ ከግድቡ ጀርባ ውኃው እየሰፋ ነበር። የሙሌቱ ጉዳይ ድርድር ላይ በነበረበት ሰዓት ዓለም የተነጋገረበት ምስል የመጣው በዋናነት ከአውሮፓው ሴንቲኔል-1 ነው። በሐምሌ አጋማሽ መንግሥት የመጀመሪያው ዓመት ሙሌት መጠናቀቁን አስታወቀ፤ 4.9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ። ቲያንዌን-1 ወደ ማርስ የሄደው በዚያው ሳምንት ነው።

አገር የራሷ ሳተላይት እያላት ስለ ግድቧ ዓለም ከሌላ ሳተላይት የሰማው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ደመና ነው። ኢቲአርኤስኤስ-1 እንደ ካሜራ በብርሃን የምታይ ናት፤ የክረምትን ደመና አትበሳም። ሴንቲኔል-1 ራዳር ነው፤ የራሱን ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ያዳምጣል፤ ሌሊትም ደመናም አይከለክለውም። እዚህ ላይ ሁለቱም ወገኖች ያድበሰበሱት ነገር አለ። ሳተላይቷ ስትመጥቅ ከተነገሩላት ጥቅሞች ቀዳሚው ግብርና ነው፤ የኢትዮጵያ ዋናው ሰብል የሚያድገው ደግሞ ሰማዩ በተዘጋበት በክረምት ነው። በበጋ ጥርት ብሎ የሚታይ ማሳ የታጨደ ማሳ ነው። ቀጣዩ ሳተላይት ራዳር ይሁን የሚለው አስተያየት ከዚህ የመነጨ ነው፤ ራዳር ግን ይከብዳል፣ ኃይል ይፈጃል፣ ምስሉን ለማንበብም የተለየ ሥልጠና ይጠይቃል።

አንበጣውም ሌላ ልዩነት ያስተምራል። ሳተላይት አንበጣ አያይም። የሚያየው የለመለመውን ሣርና የረጠበውን አሸዋ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ «እዚህ ሊፈለፈል ይችላል» ብሎ የሚገምተው ሰው ነው። ግምቱን የሚያረጋግጠው ደግሞ መኪና ይዞ ሜዳ የሚወርድ አሳሽ ነው።

ዳሎል ላይ ያልታረቁት

ኢትዮጵያ በፕላኔት ሳይንስ ያላት ትልቁ ሀብት በሰማይ ሳይሆን በዝቅተኛ ምድር ላይ መሆኑ ይገርማል፤ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለው ዳሎል ነው። ጨው፣ አሲድና ሙቀት በአንድነት የሚፈሉበት ቦታ በመሆኑ ተመራማሪዎች ለጥንታዊቷ ማርስ ማነጻጸሪያ ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 በፌሊፔ ጎሜዝ የሚመራ የስፔን ቡድን እዚያ እጅግ ጥቃቅን የሕይወት ዓይነቶች አገኘሁ ብሎ አሳተመ። በጥቅምት ደግሞ የፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ-ጋርሲያ የፈረንሳይ ቡድን እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት የለም አለ፤ ሴል የሚመስሉት ቅርጾች ሲሊካ የበዛባቸው ማዕድናት ናቸው፤ የተገኘው የዘር ቅሪትም ከውጭ የገባ ሊሆን ይችላል ሲል ተከራከረ።

ክርክሩ ለሁለት የሚከፈል ነው። ሁለቱ ቡድኖች የወሰዷቸው ናሙናዎች ከተለያዩ ቦታዎች ከሆኑ፣ ዳሎል አንድ ሥፍራ ሳይሆን የብዙ ሥፍራዎች ስብስብ ነውና፣ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ካልሆነ ግን ጉዳዩ ሕይወትን ከማዕድን የመለየት ዘዴ ነው፤ ይህም ፐርሲቪራንስ በጄዜሮ ገበቴ ውስጥ፣ የጥንት ወንዝ ወደ ጥንት ሐይቅ በገባበት ደለል ላይ የሚጋፈጠው ችግር ነው። ዳሎል ላይ በእጅ ተይዞ፣ በላቦራቶሪ ተመርምሮ ያላስማማ ነገር ማርስ ላይ በሮቦት እንዴት ያስማማል?

በስም ደረጃ ኢትዮጵያ ከዚህም ርቃ ሄዳለች። በአፋር ሐዳር በተገኘችው ሉሲ የተሰየመው የናሳ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 መጀመሪያ ድንቅነሽ በተባለች ትንሽ አለት አጠገብ አለፈ። አለቷ የራሷ ጨረቃ ይዛ ተገኘች፤ እርሷም ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ዲኪካ ላይ ባገኟት ሕፃን ስም ሰላም ተባለች። ደስ ይላል። የማንበቡን ጥያቄ ግን አይመልስም።

ኮርቤቲ ሲያብጥ

ከሐዋሳ በስተሰሜን፣ ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ኮርቤቲ የተባለ እሳተ ገሞራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጁልየት ቢግስና ባልደረቦቿ፣ ከኢትዮጵያ ኤልያስ ሌዊ የተካተቱበት ቡድን፣ በራዳር ሳተላይቶች የ1993–2010 ምስሎች ላይ ተመሥርቶ ያልተጠበቀ ነገር አሳተመ። ያንቀላፉ የሚመስሉ አራት የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዎች፣ አሉቶ፣ ቦራ፣ ሃሌዴቢና ኮርቤቲ፣ መሬታቸው ከፍና ዝቅ እያለ ነበር። ቀጥሎ በ2018 የወጣው ጥናት ኮርቤቲ ከ2009 አጋማሽ ጀምሮ በዓመት እስከ 6.6 ሴንቲ ሜትር እየተነሣ መሆኑን አሳየ። በከተማው ዳር ያለ አርሶ አደር በእግሩ የማይሰማው እንቅስቃሴ ከ700 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ተለካ።

ይህ የ2012ን ክርክር የሚፈትን ማስረጃ ነው። ዕቃው የአውሮፓና የጃፓን ነበር፤ ምስሉም እንዲሁ። የኢትዮጵያ ሳተላይት በሰማይ ኖራ ቢሆን እንኳ፣ ካሜራ እንጂ ራዳር ስላልሆነች፣ እብጠቱን አታየውም ነበር። ስለዚህ ባለቤትነት ምንም ፋይዳ የለውም ወደሚለው መደምደሚያ መሄድ ያጓጓል። ግን ሳተላይቱ የነገረው መሬቱ ምን ያህል እንደተነሣ ብቻ ነው፤ ለምን እንደተነሣ አልነገረም። አሉቶ ላይ ለተመሳሳይ እንቅስቃሴ በብዛት የሚሰጠው ምክንያት የጋለ ውኃና ጋዝ ነው። ኮርቤቲ ላይም ያው ይሁን አይሁን ለመለየት የመሬትን ስበት የሚለካ ስስ መሣሪያ ተሸክሞ ዳገቱን መውጣት፣ በተመሳሳይ ነጥቦች ላይ በየጊዜው ተመልሶ ማንበብ ያስፈልግ ነበር። ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የዮአኪም ጎትስማን ቡድን፣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችን ይዞ፣ ከሥር እየገባ ያለው ቀልጦ የሚፈስስ አለት ነው ሲል አሳተመ።

እስካሁን ያልተቋጨው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። መሬት የሚያብጥ እሳተ ገሞራ ሁሉ አይፈነዳም፤ ብዙዎቹ ለአሥርት ዓመታት ከፍ ብለው ዝም ይላሉ። የኮርቤቲን ሙቀት ለኤሌክትሪክ ለማዋል የታቀደው ሥራም ራሱ መሬቱን ሊያንቀሳቅስ ስለሚችል፣ የተፈጥሮውን ከሰው ሠራሹ መለየት ያስፈልጋል። ለዚህ ራዳሩ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ያልፋል፣ ምስሉም ለፈለገ ሁሉ ክፍት ነው። ከምስሉ ቀጥሎ ያለው ሥራ፣ ስሌቱን በየጊዜው ማውጣትና የስበት መለኪያውን ይዞ ዳገቱን መውጣት፣ በምርምር ገንዘብ የሚመጣና ገንዘቡ ሲያልቅ የሚቆም ይሁን፣ ወይስ ከሐዋሳ የሚሠራ ቋሚ ሥራ፣ በሳተላይት በጀት ክርክር ውስጥ እምብዛም አይነሣም።